ቶማስ ላታ እና የ1832ቱ የጨው ውሃ፦ ሰው ያዳነ ሕክምና ለምን ተተወ?

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ስለ ኮሌራ ሕክምና ታሪክ ለክፍል የማቀርበው ጽሑፍ አለኝ። ጉሉኮስን የፈለሰፈው ቶማስ ላታ የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም እንደሆነ፣ በ1832 ብዙ የኮሌራ በሽተኞችን እንዳዳነ፣ ሌሎች ሐኪሞች ግን በቅናት ሥራውን እንዳፈኑበት አነበብኩ። ሌላ ቦታ ደግሞ በዚህ ዘዴ የታከሙት አብዛኞቹ ሞተዋል ይላል። እውነቱ የትኛው ነው? ጨውና ሶዳ በውሃ በጥብጦ ያን ያህል ከሠራ፣ ፈሳሽ በማይገኝበት ቦታ ዛሬም እንደሱ ማድረግ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ያነበቧቸው ሁለቱም ጽሑፎች ከፊል እውነት ይዘዋል። ላታ ከሞት አፋፍ የመለሳቸው በሽተኞች ነበሩ፤ በዚያ ዓመት በዚህ ዘዴ ከታከሙት አብዛኞቹ መሞታቸውም እርግጥ ነው። በቅናት ታፈነ የሚለው ግን መሠረት ስለሌለው ከጽሑፍዎ ያውጡት። ጉሉኮስን ፈለሰፈ የሚለውንም እንዲሁ። ላታ በሰጠው ፈሳሽ ውስጥ ቅንጣት ስኳር አልነበረም፤ ጨው፣ ሶዳና ውሃ ብቻ ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን ሁሉ ጉሉኮስ ማለት በየሰፈሩ የተለመደ ቢሆንም ለነርስ ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ኮሌራ የያዘውን ሰው በ5 ፐርሰንት ዴክስትሮስ፣ ማለትም ስኳርና ውሃ ብቻ በሆነው ፈሳሽ፣ ማከም ውሃውን ሰጥቶ ጨዉን መንሳት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው፦ አይቻልም። ቤት ውስጥም ሆነ ጤና ኬላ ውስጥ በእጅ የተበጠበጠ ጨውና ውሃ በማንም ሰው ደም ሥር አይገባም። በአፍ የሚሰጠውን ማዘጋጀት ግን ይቻላል፤ አሠራሩን ወደ መጨረሻው ላይ አስቀምጫለሁ። ምክንያቱ እንዲገባዎ መጀመሪያ ታሪኩን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል፤ ላታ የገጠሙት ችግሮች ዛሬም የኮሌራ ማከሚያ ማዕከል ውስጥ የሚገጥሙ ናቸውና።

ኮሌራ ብሪታንያ የገባው በጥቅምት 1831 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው በሰንደርላንድ ወደብ በኩል ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ስኮትላንድ ደረሰ። የበሽታውን መንስኤ የሚያውቅ አልነበረም። የኮሌራን ባክቴሪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ፓቺኒ በማይክሮስኮፕ ያየው በ1854 ነው፣ ጀርመናዊው ኮኽ ለይቶ ያረጋገጠው ደግሞ በ1880ዎቹ ነው። በ1831 አብዛኛው ሐኪም በሽታው በተበከለ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ሕክምናውም ደም ማፍሰስ፣ ካሎሜል የተባለ የሜርኩሪ መድኃኒት፣ ኦፒየም፣ ብራንዲ፣ ማስመለሻና የሰናፍጭ ልጥፍ ነበር። ደም ማፍሰሱ ለእኛ እብደት ይመስላል፣ ለእነሱ ግን ምክንያት ነበረው። የበሽተኛው ደም ጠቁሮና ወፍሮ ስላዩት በውስጥ አካላት ውስጥ ታምቆ ቆሟል፣ ትንሽ ቢቀነስለት መዘዋወር ይጀምራል ብለው አሰቡ። ደሙ የወፈረው ውሃው ወጥቶ ስላለቀ መሆኑን አላስተዋሉም። ስለዚህ በተቅማጥና በትውከት ብዙ ሊትር ፈሳሽ ባጣ ሰው ላይ ተጨማሪ ደም ይቀንሱ ነበር።

ደሙን መርምሮ የጎደለውን ነገር የለየው ላታ አይደለም። ዊሊያም ብሩክ ኦሾኒሲ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ነው፤ እሱም የተማረው ኤድንብራ ነው። ዕድሜው ገና 22 ነበር። ሰንደርላንድ ድረስ ሄዶ የኮሌራ በሽተኞችን ደም በኬሚስትሪ ዘዴ መረመረና ውጤቱን በታኅሣሥ 1831 መጨረሻ በላንሴት መጽሔት አሳተመ። ደሙ ውሃውን በብዛት አጥቷል፣ ጨዉም ጎድሏል፣ አሲድን የሚያረክሰው አልካሊም ቀንሷል፤ ከደሙ የጎደሉት ጨዎች ደግሞ የሩዝ እጣቢ በመሰለው ተቅማጥ ውስጥ ተገኝተዋል። ሽንታቸው የቆመባቸው በሽተኞች ደም ውስጥ በሽንት መውጣት የነበረበት ዩሪያ ተጠራቅሟል። ከዚህ ተነስቶ የሰጠው ሐሳብ ቀጥተኛ ነበር፦ የወጣው ይመለስ፣ ካስፈለገም በደም ሥር ይመለስ። ሙከራውን ግን በውሾች ላይ ብቻ አደረገ እንጂ ወደ ሰው አላለፈም። ይህን በጽሑፍዎ ውስጥ በግልጽ ያስቀምጡ፤ አብዛኛው አጭር ጽሑፍ ሁለቱን ሰዎች ያቀላቅላቸዋል፣ ወይም አንዱን ይዘነጋል።

ላታ በዚያን ጊዜ ስም ያለው ሰው አልነበረም። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1819 በሕክምና ተመረቀ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ በቫይታሚን ሲ እጥረት ስለሚመጣው ስከርቪ ስለተባለ በሽታ ነበር። ከዚያ በኋላ የኤድንብራ ወደብ በሆነችው በሊዝ ከተማ ሐኪም ሆኖ ሠራ። ፕሮፌሰር አልነበረም፣ ላቦራቶሪም አልነበረውም። ኮሌራ ከተማው ሲደርስ የኦሾኒሲን ግኝት ይዞ በሰው ላይ የተገበረው እሱ ነው። በደም ሥር ፈሳሽ ማስገባት ራሱ ግን አዲስ አልነበረም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ክሪስቶፈር ሬን በውሾች ደም ሥር የተለያዩ ፈሳሾች አስገብቷል። አዲሱ ነገር ከደሙ ምን እንደጎደለ በምርመራ አውቆ ያንኑ በሊትር ደረጃ መመለስ ነው። የላታ ሥራ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ላታ በቀጥታ ወደ ደም ሥር አልዘለለም፤ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላልና ትኩረት ይስጡት። መጀመሪያ ጨው ያለበት ሞቅ ያለ ውሃ በብዛት በፊንጢጣ በኩል ወደ ትልቁ አንጀት አስገባ፤ በየጊዜውም በአፍ ሰጠ። ዘላቂ ጥቅም አላገኘበትም፤ እንዲያውም ትውከቱና ተቅማጡ ባሰ። ወደ ደም ሥር የሄደው ይህ ስላልሠራለት ነው። ያልሠራበትን ምክንያት ዛሬ እናውቀዋለን። የኮሌራ መርዝ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ጨውና ውሃ ወደ ውስጥ እንዲያፈስ ያስገድደዋል፣ ጨው ብቻውን የሚመጠጥበትንም መንገድ ያደናቅፋል። ሶዲየም ከግሉኮስ ጋር ተጣምሮ የሚገባበት በር ግን በኮሌራ ጊዜም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ይህ ጥምረት የታወቀው በ1960ዎቹ ነው። ላታ በሰጠው የጨው ውሃ ላይ ተመጣጣኝ ስኳር ቢጨመርበት ኖሮ በአፍ የሚሰጠው ሕክምና ከ130 ዓመት በላይ ቀድሞ ሊገኝ ይችል ነበር። የጎደለው ያ አንድ ነገር ነው።

በግንቦት 1832 የመጀመሪያዋን በሽተኛ በደም ሥር አከመ። አሮጊት ሴት ነበረች፤ በጊዜው የተለመደው መድኃኒት ሁሉ ተሰጥቷት ተስፋ የተቆረጠባት ናት። ላታ የመረጣትም ለዚህ ነው፤ ከእንግዲህ ሊጎዳት የሚችል ነገር የለም ብሎ። በክንዷ ውስጠኛ ጎን ባለው ባዚሊክ የደም ሥር ቱቦ አስገብቶ ፈሳሹን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር ጀመር። ለጊዜው ምንም ለውጥ አልታየም። ከዚያ ትንፋሿ ቀለል አለ፤ የጎደጎዱት ዓይኖቿ፣ የወደቀው መንጋጋዋና የቀዘቀዘው ፊቷ ሕይወት እየዘሩ መጡ፤ የጠፋው የእጇ ትርታ ተመለሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 6 ፓይንት ገባላት። ድና የምትተርፍ ስለመሰለው ለሆስፒታሉ ሐኪም አስረክቧት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ትውከቱና ተቅማጡ ተመለሰባት፤ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ሞተች። ላታ የዚህን ትርጉም ወዲያው ተረድቷል፤ ፈሳሹ ተደግሞ ቢሰጣት ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብሎ አመነ።

ሂሳቡን ብንሠራው ትክክል እንደነበር እናያለን። 6 ፓይንት በአዲሱ የእንግሊዝ መለኪያ 3.4 ሊትር፣ በአሮጌው የወይን ፓይንት ደግሞ 2.8 ሊትር ያህል ነው። የእጅ ትርታው የጠፋ የኮሌራ በሽተኛ ከክብደቱ 10 ከመቶና ከዚያ በላይ ፈሳሽ አጥቷል፤ በ50 ኪሎ ሰው ላይ ይህ 5 ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ የተሰጣት ፈሳሽ ጉድለቱን እንኳ አልሞላም። በዚህ ላይ ከባድ ኮሌራ ያለበት አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያስቀምጠው ይችላል። ሴትዮዋ ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል ያለ ፈሳሽ ቆየች። ዛሬም በዚያ ሁኔታ የተተወ በሽተኛ ይሞታል።

የተበጠበጠውን ፈሳሽ ራሱን እንመልከት። ላታ በግንቦት 23 ቀን ለለንደኑ ማዕከላዊ የጤና ቦርድ በላከው፣ በሰኔ 2 ቀን 1832 በላንሴት በወጣው ደብዳቤ ቅመማውን በዝርዝር አስቀምጧል፦ ከ2 እስከ 3 ድራክም የገበታ ጨውና 2 ስክሩፕል የሶዲየም ካርቦኔት ጨው በ6 ፓይንት ውሃ፣ ሙቀቱ 112 ዲግሪ ፋራናይት። አንድ ድራክም 3.9 ግራም፣ አንድ ስክሩፕል 1.3 ግራም ያህል ስለሆነ ጨዉ ከ7.8 እስከ 11.7 ግራም፣ ሶዳው 2.6 ግራም ይሆናል። በ3.4 ሊትር ብናካፍለው የገበታ ጨዉ ከ0.23 እስከ 0.34 ፐርሰንት ነው። በትንሹ ፓይንት ቢሰላ እንኳ 0.41 ፐርሰንት ቢደርስ ነው። ዛሬ በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ፣ ኖርማል ሳላይን፣ 0.9 ፐርሰንት መሆኑን ያውቃሉ። የላታ ፈሳሽ በየትኛውም መለኪያ ከዚያ ግማሽ አይሞላም፤ ሶዳው ሲታከልበት በትንሹ ከፍ ይላል እንጂ ሁኔታውን አይለውጠውም።

ይህ ቅጥነት ሁለት ጉዳት አለው። ቀይ የደም ሴሎች ጨዉ ከ0.5 ፐርሰንት ግድም በታች በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ውሃ እየሳቡ አብጠው መፈንዳት ይጀምራሉ። በደም ሥር የገባው ፈሳሽ ከደሙ ጋር ሲቀላቀል ጉዳቱ ይለዝባል፣ ግን ላታ በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ያህል እያስገባ ነበርና በቱቦው አካባቢ ያለው ደም የሚያገኘው ያልተቀላቀለውን ነው። ከተሰበሩት ሴሎች የሚወጣው ሄሞግሎቢን (ደምን የሚያቀላው ንጥረ ነገር) ደግሞ ድርቀቱ ቀድሞ የጎዳውን ኩላሊት ይጨምርበታል። ሁለተኛው ጉዳት ብዙም አይነሳም። ቀጭን ፈሳሽ በደም ሥር ውስጥ አይቆይም፤ ከፊሉ ወደ ሴሎች ውስጥ ይሰርጋል። የእጅ ትርታው ተመልሶ በቶሎ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ላታ በኋላ የጨዉን መጠን ከፍ አድርጓል፣ ይህም ያስመሰግነዋል፤ በዓይኑ ያየውን ተከትሎ አስተካከለ።

ሶዳው ግን አስደናቂ ነው። የኮሌራ ተቅማጥ በሊትር ወደ 130 ሚሊሞል (የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ) ሶዲየምና ከ40 በላይ ሚሊሞል ባይካርቦኔት የተባለ አልካሊ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ የበሽተኛው ደም አሲዳማ ይሆናል፣ ትንፋሹም ጥልቅና ፈጣን ይሆናል። ኦሾኒሲ አልካሊው መጉደሉን አይቶ ነበር፣ ላታም በቅመማው ውስጥ አስገባው። ከዚህ አንጻር የ1832ቱ ቅመማ በሐሳቡ ከኖርማል ሳላይን ይልቅ፣ ከጨው ሌላ ፖታሲየምና ወደ አልካሊ የሚለወጥ ላክቴት ላለበት ለሪንገር ላክቴት ይቀርባል። ፖታሲየም ግን አልነበረበትም። በሊትር ከ15 እስከ 20 ሚሊሞል ፖታሲየም በሚያጣ ሰው ላይ ይህ ጉድለት ጡንቻን ያዝላል፣ አንጀትን ያቆማል፣ የልብን ምት ያዛባል።

መሣሪያው ሪድ የተባለ ሰው የባለቤትነት መብት ያወጣበት የእጅ መርጫ ነበር፤ በተጣጣፊው ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ የብር ቧንቧ ተገጥሞበታል። የዛሬው ከረጢት፣ የሚንጠባጠብበት መስኮትና መቆጣጠሪያ የለም፤ ፈሳሹ የሚገፋው በእጅ ነው። ላታ የሰጣቸው ጥንቃቄዎች ዛሬም ቢነበቡ የሚያስገርሙ ናቸው። አየር እንዳይገባ መርጫው ፍጹም ያልፈሰሰበትና ያልላላ ይሁን አለ። በአንድ ቀዳዳ ከአንድ ጊዜ በላይ አይገባ፣ ደም ሥሩ እንዳይቆጣ በስሱ ይያዝ፣ ቁስሉም ክትትል ይደረግለት አለ። ጀርም የሚባል ነገር ከመታወቁ አሠርት ዓመታት በፊት የደም ሥር መቆጣትን አስተውሎ ነው ይህን የጻፈው። ያላስተዋለው ውሃው ራሱ አደገኛ መሆኑን ነው። ያልፈላ፣ ያልተጣራ ውሃ በሊትር መጠን ደም ውስጥ ሲገባ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ያለፈው በሽተኛ በኋላ በትኩሳትና በብርድ ብርድ ሊወድቅ ይችላል። ውሃው ቢፈላ እንኳ የሞቱት ባክቴሪያዎች መርዝ በውስጡ ይቀራል፤ ትኩሳቱን የሚያመጣውም እሱ ነው። አፍልቶ ማዘጋጀት አይበቃም የምልዎ ለዚህ ነው።

ከዳኑት መካከል አንዷ የ50 ዓመት ችግረኛ ሴት ናት። በ12 ሰዓት ውስጥ 330 አውንስ ገባላት፤ ይህ ከ9 ሊትር በላይ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ በሽታው ለቋት ፒፓዋን ታጨስ ነበር። ከመጀመሪያዋ አሮጊት ጋር ያነጻጽሯት፦ በሽታው አንድ፣ ሐኪሙ አንድ፣ ዘዴው አንድ። የተለየው የፈሳሹ መጠንና ሳያቋርጡ መስጠቱ ነው። ላታ ራሱ ሕክምናው የሚከሽፍባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር የፈሳሹ ማነስ፣ በሽተኛው አስቀድሞ የተጎዳ አካል ያለው መሆኑና ሕክምናው ዘግይቶ መጀመሩ ብሏል። በዛሬ ዕውቀት ብንመዝነው ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ የጎደሉት የጨዉ ቅጥነትና የፈሳሹ ንጽሕና ናቸው።

አሁን ወደ «ቅናቱ» እንምጣ። የላታ የሊዝ ባልደረባ ሮበርት ሉዊንስ ለጤና ቦርዱ ደግፎ ጽፏል። ደብዳቤዎቹን ለላንሴት ያስተላለፈው ማዕከላዊው ቦርድ ራሱ ነው፣ መጽሔቱም ሳይዘገይ አተማቸው። ኤድንብራ ውስጥ በድራመንድ ጎዳና በተከፈተው የኮሌራ ሆስፒታል ዘዴው በሰፊው ተሞከረ። ይህ የታፈነ ሰው ታሪክ አይደለም። በእርግጥ የተቃወሙ ሐኪሞች ነበሩ፤ ተቃውሟቸው ግን ባዶ አልነበረም። በሽተኛው ለአፍታ ተነስቶ መልሶ ሲሞት፣ ሌላው በአየር ወይም በደም ሥር መቆጣት ሲጎዳ ያዩ ነበር። የሚመረጡትም ሌላው ነገር ሁሉ ያልሠራላቸው በሞት ጣር ላይ ያሉ ስለነበሩ፣ የሞታቸው ቁጥር ከሌሎቹ መብለጡ አይቀርም። ይህን አድልዎ የሚያርም የጥናት ዘዴ ገና አልተለመደም ነበር።

የተቀረውን ሁኔታዎች ጨረሱት። ወረርሽኙ በ1832 መጨረሻ በረደ፤ የሚታከም ሳይኖር የሚሻሻል ዘዴ የለም። ላታ በ1833 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ኦሾኒሲ በዚያው ዓመት ወደ ሕንድ ሄዶ በሌላ ሥራ ታወቀ፤ የሕንድን ቴሌግራፍ የዘረጋው እሱ ነው። ሐሳቡን ይዞ የሚከራከር ሰው አልቀረም። በቀጣዮቹ ወረርሽኞች እዚህም እዚያም ቢሞከርም በዚያው ጉድለት ነበርና ውጤቱ አልተሻሻለም። በ1880ዎቹ የሆላንዱ ሃምበርገር ቀይ የደም ሴል የሚፈነዳበትን የጨው መጠን ለካ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊዮናርድ ሮጀርስ ካልካታ ውስጥ የደሙን ውፍረት እየለካ ጨዉ የበዛ ንጹሕ ፈሳሽ በመስጠት የሟቾችን ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ በኋላም አልካሊ ጨመረበት። ኦሾኒሲ በ1831 ያለውን ወደ መመለስ ከ70 ዓመት በላይ ፈጀ።

ታሪኩን ካወቁ በኋላ በሥራ ላይ የሚያስፈልግዎ ይህ ነው። ትርታው የጠፋ፣ ራሱን የሳተ ወይም መጠጣት ያቃተው በሽተኛ ሪንገር ላክቴት ይሰጠው፤ ከሌለ ኖርማል ሳላይን ይተካል፣ ግን አልካሊና ፖታሲየም ስለሌለው ኦአርኤስ፣ በአፍ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ድብልቅ፣ በቶሎ ይታከልበት። መጠኑ 100 ሚሊ ሊትር በኪሎ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ 30 ሚሊ ሊትር በኪሎው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ቀሪው 70 በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይገባል። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን 30ው በአንድ ሰዓት፣ 70ው በ5 ሰዓት ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በግማሽ ሰዓት 1.8 ሊትር፣ ከዚያ 4.2 ሊትር ማለት ነው። በቀጭን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ይህ አይደርስም፤ 16 ወይም 18 ቁጥር ያስፈልጋል፣ አንዳንዴም በሁለቱም ክንድ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ትርታው አሁንም ደካማ ከሆነ 30ው ይደገማል። ክብደቱን በግምት አይያዙ፤ ሚዛን ካለ ይመዝኑ።

በምግብ እጥረት በጣም የተጎሳቆለ ሕፃን ግን ከዚህ ይለያል። በዚህ ፍጥነት ፈሳሽ ከወረደበት ልቡ አይችልም፤ የተለየ መመሪያ አለውና ያንን ይከተሉ። በማንኛውም በሽተኛ ላይ የዓይን ሽፋን ማበጥ፣ አዲስ ሳል ወይም ሳንባ ላይ የሚሰማ ድምፅ ከመጣ ፈሳሹ በዝቷል። በመስኩ በብዛት የሚገድለው ግን ማነሱ ነው፤ ከረጢቱ አልቆ የሚተካ ሰው ሳይኖር ቀርቶ፣ ወይም «ተሻለው» ተብሎ ነቅለውት። የላታ የመጀመሪያ በሽተኛ የሞተችው በዚሁ ነው። ተቅማጡና ትውከቱ ይለካ፣ የወጣው ያህል ይተካ። አንቲባዮቲክ ተቅማጡን ያሳጥራል፤ ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 300 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን በአንድ ጊዜ ነው፣ ባክቴሪያው በአካባቢው ያልተላመደው ከሆነ። ፈሳሽን ግን አይተካም።

መጠጣት ከቻለበት ደቂቃ ጀምሮ ኦአርኤስ ይስጡ፣ ደም ሥሩ ላይ ፈሳሹ እየገባም ቢሆን። ይህ ሕክምና በ1960ዎቹ መጨረሻ ዳካ ውስጥ ተፈተነ። በ1971 ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ሕንድ ውስጥ በቦንጋኦን የስደተኞች ካምፕ የደም ሥር ፈሳሽ ሲያልቅበት ጨውና ግሉኮስ በበርሜል በጥብጦ በአፍ ሰጠና ሞቱን ከ30 ከመቶ ግድም ወደ 3.6 ከመቶ አወረደው። «ፈሳሽ በማይገኝበት ቦታ ምን ይደረግ?» ላሉት እውነተኛው መልስ ይህ ነው። ፓኬቱ ካለ በላዩ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ልክ ይበጥብጡት፤ አብዛኛው የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ነው። በትንሽ ውሃ ከተበጠበጠ ጨዉ በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳዋል። ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም አፉ ልክ ተስተካክሎ፣ ይጨመራል። ስኳሩን አብዝቶ «ጉልበት ይሰጠዋል» ማለት ስህተት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። ጨዉም ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ማለት የለበትም። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይተው በዝግታ፣ በማንኪያ ይቀጥሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋ። ይህ የቤት ቅመማ ፖታሲየምና አልካሊ ስለሌለው በሽተኛውን ጤና ተቋም እስኪደርስ የሚያቆየው ነው እንጂ ኦአርኤስን አይተካም።

ለጽሑፍዎ የምመክርዎ አንድ ነገር ነው። «ላታ ጉሉኮስን ፈለሰፈ» የሚለውን አውጥተው እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ ኦሾኒሲ በ1831 ከኮሌራ በሽተኛ ደም የጎደለውን አገኘ፣ ላታ በ1832 ያንኑ በሊትር ደረጃ በሰው ደም ሥር በመመለስ የመጀመሪያው ሆነ፣ ዘዴው የተተወውም በመጠን ማነስ፣ በመዘግየት፣ ባለመደጋገም፣ በጨዉ ቅጥነትና በንጽሕና ጉድለት ነው። ከዚያ የሁለቱን ሴቶች ታሪክ ጎን ለጎን ያቅርቡ፣ 6 ፓይንት በግማሽ ሰዓትና 330 አውንስ በ12 ሰዓት። ጊዜ ካለዎ በሰሌዳ ላይ የላታን ቅመማ ከሪንገር ላክቴት ጋር አስቀምጠው በሊትር ስንት ሶዲየም እንዳለው የክፍልዎ ልጆች እንዲያሰሉ ያድርጉ። 6 ፓይንቱን 3.4 ሊትር፣ ጨዉን 3 ድራክም አድርገው ከተነሱ የገበታ ጨዉ ብቻውን 59 ሚሊሞል ግድም ይሰጣቸዋል፤ ሪንገር ላክቴት 130 ነው።